ለመጨረሻ የቆየ ጥያቄ

ሰው ፍቅሩን ሲያወራ መጀመሪያ ካየበት ቀን ይነሳል። እኔ የምነሳው ካላየሁበት ቀን ነው። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እጁን አንስቶ ነበር፤ እኔ ግን ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

ቆዳ ፋብሪካው አዲስ የደረጃ መመሪያ አውጥቶ፣ ለሠራተኞቹ ሥልጠና እንድሰጥ ለሁለት ወር ቀጠረኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። አሥራ ስምንት ቆዳ መራጮችን እንደ ሕፃን በተደረደሩ ወንበሮች ላይ አስቀመጥኳቸው። እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። አጎቶቼ የሚሆኑ ሰዎችን «ገባችሁ?» ስላቸው በአንድ ድምፅ «ገባን» ሲሉኝ፣ ያስተማርኩ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠው ወጣት ቅጽል ስሙ «አውራ ጣት» ነው። ቆዳውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በቀኝ አውራ ጣቱ አንዴ ዳበስ ሲያደርገው፣ ዓይን የሳተውን ጭረት ያገኘዋል። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው አሥራ ሁለቱን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ አሳልፏል።

«አስተማሪ፣ መመሪያው ሥዕል ላይ ያለው ቆዳ እርጥብ ነው ደረቅ?» አለ።

«ጥያቄ ለመጨረሻ ይቆይ» አልኩ።

እጁን አወረደ። መጨረሻው ሲደርስ ሰዓቱ አልቆ ነበር፤ እኔም ረሳሁት።

በማግስቱ ከመመሪያው ሥዕሎች ፈተና አውጥቼ ሰጠሁ። ከሠላሳው ጥያቄ ዘጠኙን መለሰ፣ ሃያ አንዱን ባዶ ተወው። ውጤቱን እንደ ትምህርት ቤት በር ላይ ለጠፍኩት። የወደቀ ሰው ከጠረጴዛው ይነሳል የሚል ደንብ ስለነበረ፣ አውራ ጣት ጭነት ክፍል ተመደበ። አልተከራከረም። በቢሮዬ በር ሲያልፍ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። በቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ያ አስተያየት ምሳዬን አስጣለኝ። ወርጄ ፈለግኩት፤ የታሰረ ቆዳ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ለምን ባዶ ተዉት?»

«እርጥብ ቆዳ ጠባሳውን ይደብቃል። ሲደርቅ ነው የሚያወጣው። ሥዕሉ የደረቅ ከሆነ አንደኛ ደረጃ ነው፤ የእርጥብ ከሆነ ደረጃ አይሰጠውም፣ ይጠበቃል። የማላውቀውን ከምገምት ልተወው አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠይቄዎት ነበር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት እሱ ዘንድ ሆነ። ቁራጭ ቆዳ ያመጣና «ዓይንዎን ይጨፍኑ» ይለኛል።

«እዚህ ጋ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«አይቸኩሉ።»

ጣቴን በጣቱ ይመራዋል፤ ከለስላሳው መሐል ፀጉር የምታክል ሸካራ ነገር ትነካኛለች። «እሾህ የጫረው ነው» ይላል። ዓይኔን ስገልጥ የሚያየው ቆዳውን አልነበረም። ሁለታችንም ዝም እንላለን። ያን ዝምታ ለማግኘት ስል ጠዋቱን ሙሉ ሰዓት እቆጥር ጀመር።

ፈተናው ስህተት መሆኑን ለሥራ አስኪያጁ መናገር ነበረብኝ። ግን ፈራሁ። በወሩ ማብቂያ በማቀርበው ሪፖርት ውስጥ እጽፈዋለሁ አልኩ። እንደ ልማዴ፣ ለመጨረሻ።

አርብ ከሰዓት በኋላ፣ አውራ ጣት ጭነት ክፍል ሲሠራ የቆዳ ክምር ተንዶ ቀኝ እጁን ጨፈለቀው።

ክሊኒክ ስደርስ አግዳሚ ወንበር ላይ እናቱ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄን በወረቀት የጣልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ።»

ለእኔም የሚሆን ቦታ ለቀው ጠጋ አሉ። እስከ ዛሬ ከስድብ ሁሉ የከበደኝ ያ መጠጋታቸው ነው።

ከዚያ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩ። «ፈተናው ስህተት ነው። የወደቅኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ይሄን በጽሑፍ ከሰጠሽኝ ውልሽን አላድስም።»

ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ውጤቱን ከበሩ ላይ በገዛ እጄ ላጥኩት። ለሱ ግን ዘግይቷል። አጥንቱ ቀስ እያለ ገጠመ፤ ጣቱ ግን ሸካራውን ከለስላሳው መለየት ተወ። ጓደኞቹም በቅጽል ስሙ መጥራት አቆሙ።

የቀሩኝን ሦስት ሳምንታት ወንበሮቹን አስወጥቼ በጠረጴዛው ዙሪያ አሠለጠንኩ። መጀመሪያ እነሱ የሚያውቁትን ይናገራሉ፣ ከዚያ መመሪያውን እንገልጣለን፤ ካልተስማማ ለምን ብለን እንከራከራለን። ጥያቄ በመጣበት ሰዓት ይመለሳል። ጠረጴዛው ራስ ላይ የማቆመው እሱን ነው። በፋሻ የታሰረ እጁን ከኋላው አድርጎ ሌሎቹን «አትቸኩሉ» ይላቸዋል። ሲያስተምር እያየሁ፣ ወደድኩት ብዬ ለራሴ ያመንኩት ያኔ ነው። ሥራ አስኪያጁም አየው። ከእኔ በኋላ አሠልጣኙ እሱ እንዲሆን ወሰነ።

የመጨረሻዋ ቀን ሁሉም ተሰናብቶኝ ሲወጣ እሱ ቀረ። የሚወስደኝ መኪና በር ላይ እየጠበቀኝ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። አንቺ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። «ስታስታምሚኝ፣ እናቴ ጋ ስትመላለሺ ከረምሽ። ለእጄ አዝነሽ ከሆነ ንገሪኝ። አልቀየምም። እንደ ፈተናው ባዶውን እተወዋለሁ።»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ስልክ እደውልልሃለሁ፣ ሌላ ጊዜ እናወራለን ማለት ይቻል ነበር። ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«እጅህ ደህና ሳለ አይደል እንዴ መምጣት የጀመርኩት?» አልኩት። «ምሳዬን ጥዬ የመጣሁት ለማን መሰለህ? እወድሃለሁ። ደግሞ አጥፍቻለሁ። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም፤ ሁለቱንም ይዘህ ወስን።»

ከዚያ ያልለመደውን ግራ እጁን አንስቶ፣ በአውራ ጣቱ ጉንጬን ቀስ ብሎ ዳበሰው።

«እርጥብ ነው» አለ። «እስኪደርቅ ደረጃ አይሰጠውም።»

ሾፌሩ ደግሞ ነፋ። አንዳችንም አልተንቀሳቀስንም። እስኪደርቅ ጠበቀኝ።