ቅንፍ የጎደለው ደወል

በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። እግዚአብሔርን አምናለሁ፣ ጠዋት ማታ አመሰግነዋለሁ፣ ግን ዕቃ በራሱ ጊዜ ጮኸ የሚለኝን ሰው «ባትሪውን አይተኸዋል?» ብዬ ነው የምመልሰው፤ አሶሳ ውስጥ C የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ አስተምራለሁ፣ ኮድ ከተጻፈው ውጪ እንደማይሠራ ስናገር ነው የምውለው።

ልጄ ሳሮን የስኳር ሕመም አለባት። ኢንሱሊኗ እዚህ ሁልጊዜ ስለማይገኝ የወራቱን አንድ ላይ አስመጥቼ ፍሪጅ ውስጥ አኖረዋለሁ፣ በዚህ ሙቀት ፍሪጁ ጠፍቶ ባላውቅ መድኃኒቱ ተበላሸ ማለት ነው። ባለቤቴ ጌታነህ ግድቡ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ለዕረፍት ሲመጣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ደወል ሠራልን፣ የፍሪጁ ሙቀት ከስምንት ዲግሪ ሲያልፍ ሳያቋርጥ እንዲጮህ። ኮዱንም ራሱ ጻፈው። «ላንብበው» ስለው፣ «እኔንም ልታርሚኝ ነው? ተማሪዎችሽ አይበቁሽም?» ብሎ ሳቀ። ተውኩት።

ለእህቴ ልጅ ክርስትና ካማሺ ሄደን ልንሰነብት፣ ከሳሮን ጋር መናኸሪያ ደርሰን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠናል፣ ጎረቤቴ ሐዋ ደወለች።

«ቤትሽ ይጮኻል» አለችኝ።

«ምኑ?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ? ጢጥ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጢጥ ጢጥ ጢጥ። ወላሂ ራሴን አዞረኝ፣ ነይ!»

ረዳቱ እየተነጫነጨ ሻንጣችንን አወረደልን፣ በባጃጅ ተመለስን፣ እመኑኝ፣ መንገዱን ሁሉ ጌታነህን ነው የረገምኩት። በሩን ስከፍት አንዲት ጢጥ ሰማሁ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። የፍሪጁ ሶኬት ተቃጥሎ ጠቁሯል፣ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር አሥራ አንድ ይላል። መድኃኒቱን ወስጄ ሐዋ ቤት ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁና ተመስገን አልኩ። ሄደን ቢሆን ኖሮ ማንም አይደርስለትም ነበር፤ ቤቱ ተቆልፏል፣ ቁልፉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ጌታነህ ሳያቋርጥ ይጮኻል ነበር ያለኝ፣ ሐዋ የሰማችው ደግሞ እየቆመ ሲጮህ ነው፣ ይኼ ከነከነኝና ኮዱን ከፈትኩት።

ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር አምስት ዲግሪ አብልጦ ያነባል፣ የሴንሰሩ ሽፋን ደግሞ ሦስቱን መልሶ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከንባቡ ሁለት መቀነስ አለበት። ጌታነህ «ልዩነት» የሚል ማክሮ አወጣና 5 - 3 ብሎ ጻፈ፣ ያለ ቅንፍ። ማክሮ አያሰላም። ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ከመተርጎሙ በፊት ስሙ ባለበት ቦታ ሁሉ ጽሑፉ እንዳለ ይለጠፋል፣ በቃ። «ንባብ - ልዩነት» ያለው ተለጥፎ ሲወጣ «ንባብ - 5 - 3» ሆኗል፤ ሁለት መቀነስ ሲገባው ስምንት ይቀንሳል። ይህን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ! ደወሉ ሁሉን ነገር በስድስት ዲግሪ ቀዝቃዛ አድርጎ ነው የሚያየው፣ እውነተኛው ሙቀት አሥራ አራት ሳያልፍ መጮህ አይችልም።

እኔ የደረስኩት አሥራ አንድ ላይ ነው።

ውሃ አሥራ አንድ ድረስ አቀዝቅዤ ሴንሰሩን ነከርኩት። ዝም። ደገምኩት። ዝም።

«ጌታነህ፣ ቅንፉስ?» አልኩት በስልክ።

«የምን ቅንፍ?»

«አምስት ሲቀነስ ሦስትን በቅንፍ አላጠርከውም።»

«ሁለት ነው እኮ እሱ!»

«ላንተ ሁለት ነው! ማክሮ ይለጥፋል እንጂ አያሰላም!»

«ታዲያ ጮኸ አይደል እንዴ?»

«እንዳይጮህ አድርገህ ነው የጻፍከው!»

«እንግዲያ ተአምር ነው በያ፣ ጸሎተኛዋ አንቺ ነሽ» ብሎ ሳቀ። ዘጋሁበት።

ሶኬቱ ተቀየረ፣ መድኃኒቱም ተመለሰ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቅንፉን ላስገባ ብዬ የደወሉን ባትሪዎች አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኳቸው፣ ሳሮን ደከመኝ ብላ ጋደም ብላለች፣ እኔም መጀመሪያ ልብስ ላስጣ ብዬ ወጣሁ። ሐዋ ከአጥሩ ማዶ ጮኸች።

«ይኸው ደግሞ ጀመረ!»

«ባትሪ የለውም እኮ፣ ሐዋ።»

«ስለ ባትሪ ጠየቅኩሽ? ጮኸ ነው ያልኩት! ጢጥ ጢጥ ጢጥ። አንቺ አይሰማሽም?»

አልሰማሁም። እየተበሳጨሁ ገባሁ። ደወሉ ዝም ብሏል፣ ባትሪዎቹ አጠገቡ ናቸው፣ ፍሪጁ አራት ይላል። ይኸው፣ ምንም የለም ልላት ስዞር ሳሮንን አየኋት። ልብሷ በላብ ርሷል። ስጠራት ዓይኗን በግድ ገለጠች። ስኳሯ ወርዶ ነበር። ስኳር በውሃ በጥብጬ፣ ራሷን ደግፌ አጠጣኋት፣ ቀስ በቀስ ተመለሰችልኝ።

አሁን ቅንፉ ገብቷል፣ ደወሉም ስምንት ሲያልፍ ሳያቋርጥ ይጮኻል፣ ልክ እንደተጻፈው፣ ሞክሬዋለሁ። ተመስገን። ግን ሐዋ በአጥሩ በኩል ስትጠራኝ፣ ለሰላምታም ቢሆን፣ መጀመሪያ የማየው ፍሪጁን አይደለም።