እንዴት ዋልሽ የሚለው በር

በደብረ ጨረቃ ከተማ በር ጤና ሳይጠይቅ አይከፈትም። አየር ከሌለው የጨረቃ ገጽ የተመለሰ ሰው በውጭውና በውስጡ በር መሃል ባለችው መሸጋገሪያ ክፍል ውስጥ ቆሞ መዳፉን ግድግዳው ላይ ካለው መስታወት ያሳርፋል፤ መስታወቱ በጓንቱ አልፎ ደሙን ያነባል። በዚያው መሃል በሩ በራስ ቁሩ ሬዲዮ፣ ለስለስ ባለ የወሎ ቅላጼ «እንዴት ዋልክ?» ይለዋል። የመለሰውን ሰምቶ፣ ደሙንም አይቶ፣ ደስ ሲለው ክፍሏን በአየር ይሞላና ይከፍታል። ሕዝቡ «ጠያቂው» ነው የሚለው። የሰፈር ሽማግሌ ይመስል በሩን የሚያማም፣ የሚያመሰግንም አለ።

ነገሩ ለወግ የተሠራ አይደለም። አየር ያነሰው ሰው መጀመሪያ የሚከዳው አእምሮው ነው። እንደ ሰካራም እየተኮላተፈ «ምንም አልሆንኩም» ይልና ክፍሏ በአየር ሳትሞላ የራስ ቁሩን ያወልቃል። ከተማዋ በተቆረቆረች ሰሞን እንዲያ ሆኖ የሞተ ሰው ነበር፤ ረዳት ሳይጠብቅ በሩን የከፈተለትም በልመናው ያሳዘነው ጓደኛው ነው። ከዚያ ወዲህ በሩን ሰው እንዳያዝዘው ተደረገ። ጤነኛ አነጋገር ምን እንደሚመስልም ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም፤ ደማቸው ንጹሕ የሆኑ ነዋሪዎች ሲመልሱ እየሰማ ራሱ ለመደ። የከተማዋ በሮች በሙሉ፣ የመኖሪያውም የአዳራሹም፣ አንድ ጭንቅላት ነው ያላቸው። አንዱ የሰማውን ሁሉም ያውቁታል።

ታዲያ የደብረ ጨረቃ ሰው እንዴት ዋልክ ሲባል ምን ይላል? ከምድር ሲነሱ ቄሱንም ሼኹንም ፓስተሩንም ይዘው የወጡ ሰዎች ናቸው። አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ ሌላው «አልሐምዱሊላህ»፣ ሌላው «ጌታ ይባረክ»። ምንታምር አበጋዝ ብቻ «ደህና ነኝ» ትላለች።

ምንታምር የብርሃን መስታወት ሠራተኛ ናት። ፀሐይን ሰብስበው ለከተማዋ አትክልት የሚልኩትን ትልልቅ መስታወቶች ከጨረቃ አቧራ ታጸዳለች። እምነቷን ያጣችው ተናድዳ ወይም ተበድላ አይደለም። የልጅነት ጫማዋን አንድ ቀን ልታጠልቀው ስትሞክር አልገባ እንዳላት ያህል ነው፤ አዝናለች እንጂ አልፎከረችም። ሲጠይቋት ግን መዋሸት አልሆነላትም።

ማንም አልሰደባትም። ይህን መናገር ተገቢ ነው፤ የደብረ ጨረቃ ሰዎች ክፋት የለባቸውም። ግን ከማዕድ ስትቀርብ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ጎረቤቷ እትዬ አስካለ በየበዓሉ ከሠሩት ሁሉ አንድ ሳህን ደጇ ላይ ያስቀምጡና «ይመልስሽ» ብለው ይሄዳሉ። እናቷ ምድር ላይ ያረፉ ጊዜ ከተማው በሙሉ ሊያስተዛዝናት መጣ፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» ማለት አቅቷት ለሁሉም አንገቷን ስትነቀንቅ ዋለች። ያን ዕለት ቤቱ ሰው ሞልቶት፣ እንደዚያ ብቻዋን ሆና አታውቅም።

በዓል ሲመጣ ተረኛ መሆን የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። በክርስቲያኑ በዓል አወል ሰይድና መሰሎቹ ይሠራሉ፣ በእስላሙ በዓል ክርስቲያኑ ይተካቸዋል። ምንታምር ግን የሁሉንም በዓል ትሠራለች። ሰዎቹም እፎይ ይላሉ፣ እሷም እፎይ ትላለች፤ ይህ ስምምነት ማንም አፍ አውጥቶ ሳይናገረው ዘጠኝ ዓመት ዘለቀ።

በኅዳር ሚካኤልም እንደ ልማዷ ውጭ ዋለች። ሥራዋን ስትጨርስ ወደ መሸጋገሪያ ክፍሏ ገባች፤ የውጭው በር ከኋላዋ ተዘጋ።

«ምንቴ፣ ገባሽ?» አላት አወል በሬዲዮ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ተረኛ እሱ ነበር።

«ገባሁ። ርቦኛል። እትዬ አስካለ ዛሬ ምን እንደሠሩ አልሰማህም?»

መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«እንዴት ዋልሽ?» አላት ጠያቂው።

«ደህና ነኝ።»

በሩ አልተከፈተም። ዝቅ ብላ ብታይ መዳፏ ያረፈበት መስታወት ጨልሟል፤ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። የጨረቃ ብርድና ሙቀት እየተፈራረቁ የማይሰነጥቁት ነገር የለም።

«እንዴት ዋልሽ?»

«ደህና ነኝ አልኩህ እኮ!»

«አነጋገርሽ የጤነኛ ሰው አይደለም። ቁጭ በይና ተረጋጊ። ረዳት እስኪመጣ በሩ አይከፈትም።»

መጀመሪያ ሳቀች። አወል ግን አልሳቀም። ጠያቂው ደሟን ማንበብ ሲያቅተው የቀረው ጆሮው ብቻ ነው፤ በጆሮው ደግሞ «ደህና ነኝ» ብሎ ዝም የሚል ጤነኛ ሰው ከእሷ በቀር ሰምቶ አያውቅም። እስከዛሬ ሲያሳልፋት የኖረው ደሟ ነበር። ረዳቶቹ በሰሜኑ በር ወጥተው፣ ተራራውን ዞረው እስኪደርሱ የጀርባዋ ኦክስጅን አይጠብቃቸውም። ይህን ሁለቱም አወቁት።

«ምንቴ» አላት በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ነገር ልበልሽ፣ እንዳትቆጪኝ። እንደ ሰው መልሺለት።»

«ምን ብዬ?»

«ታውቂዋለሽ እኮ።»

አወቀችው። ምንታምር ሰማዕት አይደለችም፤ ሰማዕትነትን ለሚያምኑበት ትታላቸዋለች። እናም ጠያቂው እንደገና እንዴት ዋልሽ ሲላት «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የእናቷን ድምፅ መሰለባት።

«ይህ ያንቺ አነጋገር አይደለም» አለ በሩ። «እንዲህ ብለሽ አታውቂም። ድንገተኛ የንግግር ለውጥ የአእምሮ መድከም ምልክት ነው። ቁጭ በይ።»

ፍርሃት የያዛት ያን ጊዜ ነው። እንደ ራሷ ስትናገር ሰው አልመስል አለች፤ እንደ ሰው ስትናገር ራሷን አልመስል አለች። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ይህች ብረት ክፍል ዓመታት ከኖረችበት ከተማ ብዙም እንደማትለይ አሰበች፤ እዚህ ያለው በር ቢያንስ ምክንያቱን ይናገራል።

አወል የእጅ ሬዲዮውን ሳያጠፋ ይዞት ሮጠ። ኮቴው ይሰማታል። ቀጥሎ የአዳራሹ ሁካታ መጣ፤ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ የሚካኤልን ዝክር ሊቀምስ ተቀምጧል።

«ወገኖቼ፣ ስሙኝ!» ሲል ሰማችው። ትንፋሽ እያጠረው ነገሩን አስረዳ። «በሮቹ አንድ ጭንቅላት ነው ያላቸው። የአዳራሹ በር ደም ማንበብ ይችላል። ደማችን እየተነበበ ሁላችንም ‹ደህና ነኝ› ብንለው፣ ‹ደህና ነኝ› የጤነኛ ሰው መልስ መሆኑን ይማራል። ያን ጊዜ ይከፍትላታል። ግን ሌላ ምንም እንዳትጨምሩ። ምስጋና የለም፤ ‹ደህና ነኝ› ብቻ።»

«ኧረ በሚካኤል!» አሉ እትዬ አስካለ። «በእሱ ቀን? ጤና ሰጥቶ አቁሞኝ፣ እንዴት ነሽ ስባል ሳላመሰግነው ልለፍ? ውለታ ቢስ ልባል?»

ምንታምር ዓይኗን ጨፈነች። አልተቀየመቻቸውም። የጠየቃቸው ነገር ለእሷ ሁለት ቃል ነው፣ ለእሳቸው ግን ሌላ ነገር መሆኑን ታውቃለች። ሬዲዮውን ዝጋው ልትል ስትል የመምሬ ልሳነወርቅ ድምፅ መጣ። መምሬ የደብሩ አለቃ ናቸው። እምነቷን ባጣች በመጀመሪያው ዓመት ሊያስተምሯት ሞክረው ነበር፤ ሁለቱም ሲደክማቸው ተዉት፤ ከዚያ ወዲያ በመንገድ ሲያገኟት ከሰላምታ አያልፉም።

«አወል፣ በሩ የቱ ነው?» አሉ። ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ መቋሚያ ወለል ሲነካ ተሰማ።

«እንዴት ዋሉ?» አላቸው ጠያቂው።

መምሬ ከስልሳ ዓመት በላይ ያለማቋረጥ ሲመልሱት የኖሩት መልስ ከንፈራቸው ላይ እንደደረሰ በትንፋሻቸው ያስታውቅ ነበር። ዋጡት።

«ደህና ነኝ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። እሳቸውም ዞር ብለው «ምን ትጠብቃላችሁ? ልጅቷ አየር ሊያልቅባት ነው! ኃጢአት ከሆነ ንስሐው በእኔ። ተሰለፉ!» ብለው ጮኹ።

ተሰለፉ። መሰለፍ አንድ ነገር ነው፣ ምላስን መግታት ግን ሌላ። የመጀመሪያው ሰውዬ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብ…» ብሎ አፉን ያዘ። «ውጣ! ከኋላ ተሰለፍ!» አሉት መምሬ። ቀጣዩ «ይመስገን» የምትለዋን በሳል ሊሸፍናት ሞከረ፤ ሳሉም ተቆጠረበትና ደገመው። አወል ራሱ «ደህና ነኝ አልሐ…» ብሎ «አስተግፊሩላህ! አይ እኔ! ልድገመው!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የመዘምራኑ መሪ አፋቸውን በነጠላ አፍነው ሁለቱን ቃል ብቻ በጭንቅ አወጡ። ቃሉ የሚያመልጣቸው እየተመለሱ፣ እየተሰለፉ፣ አንዳንዱም ሦስት ጊዜ እየሞከረ ሁሉም አለፈ። ምስጋና መተው ይህን ያህል ይከብዳል ብሎ ማን ገመተ?

ምንታምር ትንፋሿ እያጠረ ሁሉንም በድምፃቸው ለየቻቸው። ማዕድ ላይ ጨዋታ የሚያቆሙት፣ በልቅሶዋ የመጡት፣ ልጆቻቸውን ከእሷ ጋር ሲያወሩ የሚጠሩት፣ አንድ በአንድ የእሷን ቃል እየተናገሩ ነው። በደብረ ጨረቃ ስትኖር ከእሷ በቀር ማንም ተናግሮት የማያውቀውን ቃል። እንባዋ ወረደ፤ ከራስ ቁሩ ውስጥ ስለሆነ ልትጠርገው አልቻለችም።

ከዚያ የሚጎተት የሴት ኮቴ ተሰማ።

«እንዴት ዋሉ?»

«ደህና ነኝ» አሉ እትዬ አስካለ። ሁለቱን ቃል ብቻ። ወዲያው ሲያለቅሱ ሰማቻቸው።

ምንታምር ግድግዳውን ይዛ ተነሣች።

«እንዴት ዋልሽ?» አላት በሩ።

«ደህና ነኝ።»

ከወለሉ አየር እየተነፋ ሲገባ ሰማች፤ እንደዚያ የሚያምር ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

መተላለፊያው በሰው ተጠቅጥቆ ነበር። የራስ ቁሯን ስታወልቅ በየአፉ ታምቆ የቆየው ምስጋና ሁሉ አንድ ጊዜ ገነፈለ። እትዬ አስካለ እልል እያሉ አቀፏት፤ «ተመስገን! ተመስገን!» እያሉ ጀርባዋን ደበደቡት። ሼኹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፣ መዘምራኑ ያጨበጭባሉ። ምንታምር እንዲህ ያለው ድምፅ ሲነሣ ሁልጊዜ ወደ ጥግ ትሸሽ ነበር። አሁን መሃሉ ላይ ቆማ ዝም ብላ ሰማችው፤ ስለ እሷ ነዋ!

«ዛሬ የተማረውን ከበሮቹ ልሰርዝላችሁ?» ሲል አወል መምሬን ጠየቃቸው። «ነገ ሁላችሁም ወደ ምስጋናችሁ ስትመለሱ አነጋገራችሁ ተለወጠ ብሎ እንዳያስቸግራችሁ…»

«ተወው» አሉ መምሬ። «እንዲህ የሚልም ሰው መሆኑን ይወቅ። እኛ ራሳችን ለማወቅ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብን።»

ምንታምር ልታመሰግናቸው ፈለገች። ሆዷ በምስጋና ሞልቶ መተንፈሻ አሳጥቷታል፤ እንዲህ ሞልቶባት አያውቅም። አወልን እጁን ይዛ አመሰገነችው። «አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ እኔ ምን አደረግኩ?» አላት። እትዬ አስካለን አመሰገነች። «እኔ ማነኝ ልጄ! ሚካኤል ነው ያወጣሽ» አሏት። ወደ ሁሉም ሄደች፤ ሁሉም የሰጠቻቸውን ምስጋና ተቀብለው ወዲያው ወደ ላይ አሳለፉት። ለትሕትና ነው፣ ልማዳቸው ነው። ለእሷ ግን ላይ ማንም የለም። ያላት እነሱ ናቸው፤ ምስጋናዋ ሰው እጅ ላይ ካልቀረ የሚያርፍበት የለውም።

መምሬ ልሳነወርቅ ዘንድ ስትደርስ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«መምሬ፣ አይዘኑብኝ። እኔ የማመሰግነው እርስዎን ነው። እርስዎን ራስዎን።»

መምሬ እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ከፈቱ። ምን እንደሚሉ ታውቃለች፤ ጠበቀች። እሳቸው ግን አዩዋትና በዚያች ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ቃላቸውን ዋጡ።

«እሺ ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸው እርጥብ ብሎ። «ይህችንስ ወደ ላይ አላሳልፋትም። ለራሴ ትቅር። ተቀብያታለሁ።»

ምንታምር እጃቸውን እንደያዘች ብዙ ቆየች።