ሦስተኛው ፕሪአምፕሊፋየር

አቶ ጋሻዬ ሴቻ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ በሁለት ትልልቅ ስፒከሮች መካከል በግንባራቸው ተደፍተው ሞተዋል። ቀኝ እጃቸው ወለሉ ላይ ካለች ትንሽ የብረት ሳጥን ላይ አርፏል። ኢንስፔክተር ኤርጫፎ አማተበና አጠገባቸው ተንበረከከ።

«ኤሌክትሪክ ነው የገደላቸው!» አለ በሩ ላይ የቆመው የወንድማቸው ልጅ ዘርአብሩክ። «ያ ጠጋኝ ያመጣው ሳጥን!»

የድምፅ መሣሪያ ጠጋኙ ደግፌ ካቴና ገብቶለት ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። የኤርጫፎ አለቃ ሁለት ጊዜ ደውለዋል፤ «ጠጋኙን አምጣና ጨርስ፣ ምን ያስቆምሃል?» እያሉ። ኤርጫፎ ተናደደ። የሚያስቆመው ነገር እንዳለ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዘውም። እሱ ካልያዘው ደግሞ ደግፌ በሰው ሞት ወህኒ መውረዱ ነው።

ወደ ግቢው ወጣ።

«ሳጥኑ ምንድን ነው?»

«ፕሪአምፕሊፋየር ነው። ከሲዲ ማጫወቻው ድምፅ ይቀበልና ለትልቁ አምፕሊፋየር ያቀብላል፤ ድምፅ የሚጨመረውም የሚቀነሰውም በሱ ነው» አለ ደግፌ። «እኔን የፈጀኝ እሱን መምረጥ ነው፣ ኢንስፔክተር! አምፕሊፋየሩ ውድ፣ ስፒከሩ ውድ፤ መሃል ገብቶ የሚስማማቸው ግን ጠፋ። የመጀመሪያው እንደ ንብ ቀፎ እምም ይላል። ሁለተኛው ጫፉን ሲነኩት ሰፈር ያናውጣል። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሁለቱንም በባጃጅ ወሰድኩና ሦስተኛውን ተውኩላቸው። አይሆንዎትም ብያቸው ነበር።»

«አልሰሙህማ?»

«ሙዚቃ ሲሆን የጉንዳን ኮቴ ይሰማሉ፤ ምክር ሲሆን ጆሮ የላቸውም!»

የጓሮዋ ተከራይ ሰናይት ባጃጁ ሁለቱን ሳጥኖች ሲጭን አይታለች። «እልል ማለት ነው የቀረኝ። ሳምንቱን ሙሉ ብርጭቆዎቼ ሲንቀጠቀጡ ነው የከረሙት» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ ነገ የጫኖውን የሙዝ እርሻ ሊሸጡ ነበር። የሚስማማውን ሳጥን ከውጭ ላስመጣበት ብለው።»

«እርሻውን ማን ነው የሚያለማው?»

ሰናይት በዓይኗ ወደ ዘርአብሩክ ጠቆመች።

ኤርጫፎ ዘርአብሩክን ጠራው። «መቼ ነው መጨረሻ የተለየሃቸው?»

«ዘጠኝ ሰዓት። ስወጣ ሙዚቃቸው ግቢውን ያናውጠው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ ሞተው አገኘኋቸው፤ እስከዚያ ከጓደኞቼ ጋር ነበርኩ።»

ኤርጫፎ ስፒከሮቹ ወዳሉበት ሳሎን ተመለሰ። አስከሬኑ ሲነሳ፣ ከሽበታቸው ሥር ማጅራታቸው ላይ ያበጠ ቁስል አየ። መዳፋቸው ላይ ግን አንድም የተቃጠለ ነገር የለም። ከሳጥኗ የሚወጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣቱ ተከተላቸው። ከዚያም ሲዲ ማጫወቻውን ከፍቶ የሳጥኗን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞረና በሩን ዘግቶ ከውጭ አዳመጠ። ፊቱ ፈታ አለ።

ደግፌን፣ ሰናይትንና ዘርአብሩክን ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ሁለት ሽቦ ከማጫወቻው ይገባል፣ ሁለት ወደ አምፕሊፋየሩ ይወጣል» አለ ሳጥኗን ገልብጦ እያሳየ። «ወደ ግድግዳው ሶኬት የሚሄድ ግን የለም። ደግፌ፣ ለምን?»

«ኤሌክትሪክ አትፈልግማ! ውስጧ ማዞሪያ ብቻ ነው። አይሆንዎትም ያልኳቸውም ድምፁን ስለማታጎላ ነው።»

«ስለዚህ ሰው አትገድልም። አቶ ጋሻዬ የሞቱት ማጅራታቸውን ተመትተው ነው። ደፍቶ እጃቸውን ሳጥኗ ላይ ያስቀመጠው፣ ሳጥን ሁሉ የሚነዝር የመሰለው ሰው ነው።» ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ከፈተ። ከስፒከሮቹ የወጣው ሹክሹክታ ነበር። «ከበር ውጭ አይሰማም። ሰፈር የሚያናውጠው በስድስት ሰዓት ሄዷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢውን ያናወጠው ምንድን ነው፣ ዘርአብሩክ?»

ዘርአብሩክ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ሳምንቱን ሙሉ ስለጮኸ ዛሬም የሚጮህ መስሎህ ነው። ከጓደኞችህ ጋር ሳለህ የሞቱ እንዲመስል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰውዬው በሕይወት እንዲኖሩልህ ፈለግህ፤ አንተ ስትወጣ ግን ሞተው ነበር።»

«ስድስት ዓመት!» ዘርአብሩክ ጮኸ። «ስድስት ዓመት ውሃ እየጠለፍኩ ያለማሁትን ሙዝ፣ ለሳጥን! አይሽጡት ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ ‹ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው› አሉኝ። ገፋኋቸው… የስፒከሩ ማዕዘን መታቸው።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ኤርጫፎ የደግፌን ካቴና ፈታ።

«የሚስማማው የቱ ነበር?» አለው።

ደግፌ የእጁን አንጓ እያሸ ስፒከሮቹን በንዴት አያቸው።

«ከአዲስ አበባ አንድ አግኝቼ ነበር። የፊታችን ሐሙስ ይደርሳል፤ እርሻ የሚያሸጥ ዋጋም የለውም። ሰምተው ካልረኩበት እንዳይጮኹብኝ ብዬ አልነገርኳቸውም።»