ቆርቆሮ የተመታባቸው መስኮቶች

ጠጋ በሉማ። ድሮ ነው፤ ሰፈሩን አልነግራችሁም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል፣ ጨረቃ የለችም። ዘርጋው የሚባል ቆርቆሮ መቺ በጓሮ መንገድ ብቻውን ይሄዳል። ለምን? ልጁ ትርሲት ከልብስ ስፌት ቤት አልተመለሰችማ! መምጫዋ ደግሞ በዚያች መንገድ ብቻ ነው።

መንገድ አልኩ እንጂ መንገድ አይደለችም። ግራ ቀኟ የቤት ጀርባና አጥር፣ መሀሏ ሽንት። ቀድሞ መስኮቶች ነበሯት። አንድ ቀን ሌባ በአንዱ መስኮት ገብቶ ብርድ ልብስ ሰረቀ። እድሩ ተሰበሰበና ምን አለ? «ወደዚህ መንገድ የሚያይ መስኮት ሁሉ በቆርቆሮ ይመታ!» የመታው ማነው? ዘርጋው። ከዚያ ወዲያ የሚያይ የለም። ሰዉ ቆሻሻውን በአጥር ላይ ይወረውር ጀመር፤ ቀማኛውም ቤቴ ብሎ ገባ።

ፈትል ሻጯ ብርነሽ የሞተችው እዚያ ነው። ቀማኞች አንቀው ጣሏት። ሸተተች። ጎረቤት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ውሻ ሞቶ ነው።» ብሎ በአጥሩ ላይ አመድ ደፋባት! ሦስት ቀን ሙሉ አመድ፣ የድንች ልጣጭ፣ የሕፃን ካካ። እትፍ! ይሄ ሰው ይባላል?

እና ዘርጋው ይሄዳል። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ሽታውንስ ለምዶታል። ቀጥሎ ከጎኑ ቆርቆሮው ይቧጨራል። ሲቆም ይቆማል፣ ሲሄድ ይሄዳል። «ድመት ናት» አለ። ድመት በሰው ቁመት ላይ ትቧጭራለች እንዴ? ቀጥሎ እጅ አየ፤ አመድ የለበሰ እጅ። ቀጥሎ ፊት፤ ጸጉሯ ላይ ልጣጭ ተጣብቋል።

«ዘርጋው።»

«እ... እትዬ ብርነሽ?»

«ምስማርህ አልነቀል አለኝ። ጥፍሬ አለቀ።»

«በማርያም! እኔ እኮ ታዝዤ ነው፣ እትዬ!»

«ትርሲት እዚሁ ናት። ቀማኛ አፏን አፍኖ ይዟታል። ማን ይያት?»

ወዴት ይሩጥ? ጨለማ ነው! አጠገቡ ያለውን የመስኮት ቆርቆሮ በባዶ እጁ ጨበጠ፤ ጎተተው፤ መዳፉ ተተለተለ፤ ገነጠለው። የፋኖስ ብርሃን መንገዱ ላይ ቦግ አለ። አጥሩ ሥር ትርሲት፣ አንገቷ ላይ የአንድ ጎረምሳ ክንድ!

«ማነው ቤቴን የሚያፈርሰው?» ብለው አንዲት አሮጊት በመስኮቱ ብቅ ሲሉ ጎረምሳውን አዩት። «አንተ! የማን ልጅ ነህ?»

ለቀቃትና ፈረጠጠ። ዱላ የለ፣ ዘበኛ የለ፤ አንድ ዓይን አየው፣ በቃ።

አበቃ እንዴ? ዘርጋው በቆሰለ እጁ የቀሩትንም መስኮቶች ሳምንት ሙሉ ሲከፍት ሰነበተ። እድሩ ተሰበሰበ። ብርነሽ ሞታለች፣ ትርሲት ለጥቂት ተርፋለች፤ ምን ቢወስኑ ጥሩ ነው? «ሽታው ቤታችን ገባ፤ ተመልሶ ይመታ!» ራሳቸው የደፉት ሽታ እኮ ነው! ዘርጋው እምቢ ቢል ሌላ ሰው ቀጥረው አስመቱት።

ስለዚህ ብርነሽ አላረፈችም። ብቻችሁን አትሂዱ። የሚያያችሁ መስኮት በሌለበት ደግሞ ጭራሽ!

አንተ፣ በሩ ጋ የተቀመጥከው፣ አትዙር። ከኋላህ የቆመችው ሴትዮ ካንተ ጋር ነው የመጣችው?