እርስዎ ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ

ዓሣው ከቪሊማይና እጅ ወደ ሴሩ እጅ ሲያልፍ ቢላዋው ገባ።

ከኋላ ነው የገባው፣ ከጎድኑ ሥር። ሴሩ «ኧ» አለ። ያቺን ብቻ። ከዚያ በሸርጣን ቅርጫቶቹ መሃል በግንባሩ ተደፋ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ የሱቫ ዓሣ ተራ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሻጮቹ ሰክሮ የወደቀ መስሏቸው ሳቁበት።

ገዳዩ ዓሣውን ነጥቆ ሮጠ።

ተከተለችው።

በዓሣው ሆድ ውስጥ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ አለች። በካርዷ ላይ የጀልባ ካፒቴን የሆነው የኢኖኬ ቃል ተቀርጿል፤ ዴንሆልም የሚባለው ዕፅ አመላላሽ ሁለት ባሕረኞቹን በመልሕቅ ሰንሰለት አንቆ ሲገድል ያየው እሱ ብቻ ነው። ሴሩ ካርዷን ለፖሊስ ሊያደርስ ነበር። ቪሊማይና ደግሞ በዴንሆልም ጋራዥ ስምንት ወር ሙሉ ሞተር ጠጋኝ መስላ የኖረችው ለዚህች ቀን ነው። የምስጢር ስሟ «ሸርጣን» ነው። ስሙን ያወጣላት የስለላ መሥሪያ ቤት አለቃዋ ቀልድ አያውቅም፤ እሷም አልሳቀችም።

በገበያው ዳር ከቆሙት አውቶቡሶች ጀርባ ደረሰችበት።

ሰውየው ዞሮ ደረቷን በቡጢ መታት። በጡት ኪሷ የነበረው ስልክ ደቀቀ፤ ስብርባሪው ቆዳዋን ወጋት። ጸጉሯን ይዞ ግንባሯን ከአውቶቡሱ ብረት ጋር አላተመው። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው የዓሣ መቅደጃ ቢላዋዋን ከወገቧ መዝዛ ከአገጩ ሥር ሰካችው፤ እንደ ቱና ሆድ ወደ ታች ቀደደችው። ደሙ ፊቷ ላይ ረጨ። ሲወድቅ ዓሣውን እንኳ አልለቀቀም ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ወሰደች።

የርክክቡን ቦታ ያወቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። እሷ። ሴሩ። አፒሳይ።

ሴሩ ሞቷል።

አፒሳይ አለቃዋ ነው፤ የምስጢር ስሙ «መልሕቅ»። ያም ሳያንስ የእህቷ የኤሴታ ባል ነው። ትናንት ኢኖኬ የተደበቀበትን ደሴት ነግራዋለች፤ ቫቱሎአ። የፖሊስ ጀልባ ስድስት ሰዓት ላይ ሊወስደው ይመጣል።

ዋሉ ቤይ ወዳለው ቆርቆሮ ቤት ሄደች። አፒሳይ እንደ ልማዱ ከሽማግሌዎች ጋር ካቫ በሚባለው የሥር መጠጥ ገበቴ ዙሪያ ተቀምጧል። ሲያያት ቅሉ አፉ ጋ ደርሶ ቆመ። ሬሳ ሲነሳ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ፊት ነው ያለው።

«እንዴ፣ ቪሊማይና!» አሉ ዋይሳሌ፣ ገበቴውን የሚያማስሉት ሽማግሌ። «ዓሣ ሸጠሽ ነው የመጣሽ ወይስ ዓሣው ሸጦሽ?»

«ተጣልተን ነው አባባ። እኔ አሸነፍኩ።»

«እሱስ የት አለ?»

«በረዶ ላይ አስተኝቼዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አፒሳይ አልሳቀም። እሷ ተንበርክካ፣ አንዴ አጨብጭባ፣ ጮክ ብላ አለችው፤

«ከሬከሬ፣ አፒ። ስልክህን።»

ከሬከሬ ብላ የለመነች ዘመድ፣ ያውም በሽማግሌ ፊት፣ አትከለከልም። የከለከለ ሰው ከዚያ ገበቴ ዳግመኛ አይጠጣም። አፒሳይ ይህን ያውቃል። ዋይሳሌም አፍጥጠው እያዩት ነው።

«ባትሪው ሊያልቅ ነው» አለ።

«ለእህቴ ልደውል ነው፤ ለንግሥት አይደለም።»

«ስጣት እንጂ፣ ምን ትሽኮረመማለህ!» አሉ ዋይሳሌ።

የስልኩን ቁልፍ ፈትቶ ሰጣት። 

ከቤቱ ኋላ፣ ጀልባ በሚጎተትበት ሲሚንቶ ላይ ቆማ ድሩአን ከፈተች። ድሩአ ጀልባ ያለው ሁሉ የሚጠይቅበት፣ የሚያውቅ የሚመልስበት ድረ ገጽ ነው። አፒሳይ በዚያ የሚታወቀው በውሃ ፓምፕ ነው፤ ሌላ አይመልስም። ያነበባቸው ጥያቄዎች ማህደር ባዶ ነው፤ ጠራርጎ አጥፍቶታል። ብልጥ ነኝ ብሏላ!

ግን ድሩአ እንደ ጎረቤት ነው። ምን ምን ስታይ እንደሰነበትክ ልብ ብሎ፣ የሚስማማህን ጥያቄ ሳትለምነው ያቀርብልሃል። ከላይ «እርስዎ ሊመልሱት የሚችሉት» ይላል። ከሥሩ፤

ትልቅ ጀልባ ወደ ቫቱሎአ በየት በኩል ይገባል?

ቫቱሎአ ላይ የሚጠጣ ውሃ ያለው በየትኛው ዳርቻ ነው?

ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ነገር ከባሕር ሥር እንዳይነሳ ስንት ኪሎ ብረት ይታሰርበት?

ስለ ፓምፕ አንድም የለም።

ኢኖኬ ሰማንያ ኪሎ ይመዝናል።

 ለማልቀስ ጊዜ የለም። ኢኖኬም በደሴቱ ሆኖ ድሩአን ይከታተላል። በእሱና በእሷ መካከል ያለችውን መላ ለአፒሳይ ነግራው አታውቅም። ባለ አንድ ሲሊንደር አሮጌ ናፍጣ ሞተር ላይ መልስ የሚሰጥ በደሴቶቹ ሁሉ ኢኖኬ ብቻ ቀርቷል፤ ሌሎቹ ወይ ሞተዋል ወይ ሞተር ቀይረዋል። ስለዚያ ሞተር የተጠየቀ ማንኛውም ጥያቄ ለእሱ ይቀርባል። ነጭ ጭስ ካለች ይቀመጣል። ሰማያዊ ጭስ ካለች ይሸሻል።

ጻፈች። «አሮጌው ሞተሬ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ምን ላድርግ?»

ድሩአ መለሰ። «ይህ ጥያቄ ከዚህ በፊት ተጠይቋል። የቀድሞውን መልስ ይመልከቱ።»

አልለጥፍም አለ።

«ስልኩን፣ ቪሊ።»

አፒሳይ ከኋላዋ ቆሟል። ቆንጨራ ይዟል።

«ምን አነበብሽ?»

«አንተ ያነበብከውን።»

«ሁሉንም አጥፍቼዋለሁ።»

«ያነበብከውን አጠፋህ። ጥቆማውን ረሳኸው፣ አንተ ጅል።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ዴንሆልም ኤሴታን በስም ጠራት። ልጆቹን በስም ጠራቸው። የትምህርት ቤታቸውን በር ፎቶ አንስቶ አሳየኝ። ምን ላድርግ?»

«ለእኔ ትነግረኛለህ!»

«አንቺ ከመሞት ሌላ ምን ታደርጊልኛለሽ?» አለ። «የዴንሆልም ሁለት ሰዎች በጀልባ ወጥተዋል፤ በጉድጓድ ውሃው በኩል ይገባሉ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እዚያ ናቸው። ስልኩን ስጪኝና ሂጂ። አይቼሽ አላውቅም እላለሁ።»

ወደ ስልኩ አየች። አውራ ጣቷ መጻፍ ቀጠለ።

ቆንጨራው ወረደ።

ስልኩን ለማዳን ግራ እጇን ሰደደች። ሁለት ጣቶቿ ሲሚንቶው ላይ ወደቁ። ሕመሙ አልመጣም፤ ድምፁ ነው የመጣው፤ ሸንኮራ ሲቆረጥ እንደሚሰማው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሳው ሆዱ ሥር ገባችና መቅደጃውን ሰካችው። አዞረችው። አሁንም ሰካችው። አንገቷን በጥርሱ ነከሳት፤ ተቃቅፈው ወደቁ። ቅባት የጠገበው ሲሚንቶ ቁልቁል ወደ ውሃው አንሸራተታቸው። በጉልበቷ ይዛ ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ ደፈቀችው። ረገጠ። ቧጠጣት። አረፋው እስኪቆም ያዘችው።

ቆመ።

ከቤቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጭብጨባ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ሌላ ቅል ጨርሰዋል።

ስልኩን ከሲሚንቶው አነሳች። ብርጭቆው በደም ተሸፍኖ ጣቷን አልቀበልም አለ። ወገቧ ላይ በጠመጠመችው ሱሉ ጨርቅ ጠረገችው። እንደገና ጻፈች፤ ማንም ጠይቆት የማያውቀውን።

«የአባቴ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ዛሬ ሃያ ደቂቃ ከሠራ በኋላ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ በጉድጓድ ውሃው በኩል ሁለት ትልልቅ ዓሣዎች ይመጣሉ፤ ምን ላድርግ?»

እብድ የጻፈው ይመስላል። ድሩአ ግን ተቀበለው።

አንድ ደቂቃ። ሁለት። አምስት። በእግሯ ሥር የእህቷ ባል ይንሳፈፋል።

መልስ መጣ። «ሞተሩን አጥፊው። እኔ ወደ ማንግሮቭ ዛፎቹ ረግረግ ነኝ።»

የፖሊስ ጀልባ ኢኖኬን እስከ አንገቱ ጭቃ ውስጥ፣ በሕይወት አገኘው። ሊገድሉት የመጡት ሁለቱ እጅ አንሰጥም ብለው ዳርቻው ላይ በጥይት ተመቱ። ካርዷ ደረሰች። ዴንሆልም በሳምንቱ ከነካቴናው ፍርድ ቤት ቀረበ። ኤሴታና ልጆቹን የሚነካ አልቀረም። የአፒሳይን አስከሬን ግን ማዕበል ወሰደው፤ መሥሪያ ቤቱም አፉን ዘጋ። ቪሊማይና የምትባል ሴት በየትኛውም መዝገብ ላይ የለችም።

ላምባሳ በምትባል የሌላ ደሴት ከተማ ውስጥ ሞተር የምትጠግን አንዲት ሴት አለች። ጣቶቼን የጀልባ ሞተር ምላጭ በላቸው ትላለች።

«አንቺ ባለ ሦስት ጣት!» ይላታል ባለ ጋራዡ። «ዛሬም ተቀምጠሽ ስልክ?»

«በሦስቱ ከአንተ አሥር እበልጣለሁ። ሂድ ዘይትህን ቅዳ።»

በአዲስ ስም ድሩአ ገባች፤ ለሥራዋ ያስፈልጋታል። ምን ምን ያውቃሉ ሲላት ሞተር አለች። ከየት አካባቢ ሲላት፣ የአገሯን ወሬ ለመስማት ብቻ፣ ሱቫ አለች። ስሕተቷ ይቺ ናት።

የመጀመሪያው ጥቆማ ወዲያው መጣ።

«ባለቤቴ አፒሳይ ከዋሉ ቤይ ካቫ ቤት ስልኩን ሊቀበል ወጥቶ አልተመለሰም። እህቴም ከዚያ ቀን ወዲህ የለችም። ልጆቹ ይጠይቁኛል። ምን ሆኑ? የሚያውቅ ካለ ስለ እግዚአብሔር። ኤሴታ።»

ከበላዩ «እርስዎ ሊመልሱት የሚችሉት» ይላል።

ማንም አልመለሰም። ሦስት ጊዜ አነበበችው። አውራ ጣቷ መጻፊያው ላይ አረፈ፤ «እህቴ» የሚለውን ጻፈች። አጠፋችው።

«አይመለከተኝም» የሚለውን ነካች።

ድሩአ በትሕትና መለሰላት። «እናመሰግናለን። ከእንግዲህ ይህን የመሰለ ጥያቄ አናቀርብልዎትም።»