በጠመኔ የተሰመረው ጣቢያ

የቀድሞው ባቡር ነጂ በትርፍ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። ማጅራቱ ተመትቷል። ወረቀት እንዳይበርበት የሚጭንበት የሐዲድ ቁራጭ አጠገቡ ወድቋል። ልጁ እጁን ታስሮ በር ላይ ቆሟል።

መርማሪዋ መጀመሪያ ወለሉን አየች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በጠመኔ ተሰምሯል፤ ሐዲድ፣ ድልድይ፣ ጣቢያ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«የአሻንጉሊት ባቡር ሊዘረጋ ነበር፣ ልጄ» አለች የሟቹ ሚስት። «የመጀመሪያው ነው። ጠረጴዛው ሳይሠራ ወለሉ ላይ ልሞክረው አለ። በሩ ሲከፈት እንዳይነካው ለካ። ወርዱን ክንዴ እስከሚደርስ ብቻ ነው የማሰፋው አለ። ሌላ ወሬ አልነበረውም።»

«የየት ጣቢያ ነው?»

«ያ አደጋ የደረሰበት። የዛሬ ሃያ ዓመት ሰባት ሰው ሞቶ ጥፋቱ በእሱ ተላከከ። ከሥራ ተባረረ።»

«ከልጁ ጋርስ በምን ተጣሉ?»

«በክፍሉ። የልጄ ሚስት ልትወልድ ነው፤ መግቢያ የላቸውም። ‹ከልጅ ልጅህ አሻንጉሊት በለጠብህ?› አለው። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።»

«ስገባ ሞቶ ነው ያገኘሁት» አለ ልጁ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለ አጠገቡ የቆመው ፖሊስ።

መስኮቱ ሥር የሟቹ የሥራ ባልደረባ ተቀምጧል። ድሮ የጣቢያው ማዞሪያ ጠባቂ ነበር፤ ሐዲዱን እየቀየረ ባቡሩን ወደየመስመሩ የሚልክ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እዚህ መጥተው ነበር?»

«ኧረ እኔ! ክፍሉን ገና አሁን ማየቴ ነው። በስተርጅና አሻንጉሊት አትግዛ፣ ሰው ይስቅብሃል ብዬው ነበር።»

መርማሪዋ ተንበረከከች። ደም የነካው ዱካ ከሬሳው እስከ በሩ ይሄዳል። ሶሉ ያለቀ ጫማ ነው፤ የማንም ሊሆን ይችላል። ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት አንድ ቦታ በእጅ ተጠርጓል።

ፖሊሱ ልጁን ሊወስደው ሲል እናቱ ጮኸች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት! የልጄን እጅ ፍቱለት!»

ሬሳው ሲነሣ መርማሪዋ ሦስቱንም ክፍሉ መሃል አቆመቻቸው።

«አንድ በአንድ ወደ በሩ ውጡ።»

እናትየው መስመሩን እየረገጠች ወጣች። ልጁም ረገጠው። ማዞሪያ ጠባቂው ግን እግሩን አነሣ፣ ተሻገረ፤ አነሣ፣ ተሻገረ።

«ይበቃል፣ ጋሼ። እግርዎን ይዩት።»

አየው። አንድ እግሩ አየር ላይ ነበር።

«ገዳዩ ሲወጣ ዘጠኝ መስመር አቋርጧል፤ አንዱንም አልረገጠም» አለች። «የሚሸሽ ሰው ለጠመኔ አይጠነቀቅም። ዕድሜ ልኩን ‹ሐዲድ አትርገጥ፣ ያንሸራትትሃል› የተባለ ሰው ግን ሳያስበው ይሻገራል። ደግሞ የተጠረገው ማዞሪያው ብቻ ነው። ክፍሉን የፈለገ ቢሆን ሁሉንም ይጠርግ ነበር። ሟቹ ጣቢያውን በልኩ ሲያሰምር፣ ባቡሩ አደጋው ወደደረሰበት መስመር የገባው ማዞሪያው ሳይመለስ ስለቀረ መሆኑ ገባው። ጠርቶ ጠየቀዎት።»

ሽማግሌው ቁጭ አለ።

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» አለ። «ሃያ ዓመት እየመጣሁ አጽናናሁት። ዛሬ ‹አንተ ነህ?› ብቻ አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻል ነበር።»

የልጁ እጅ ተፈታ። እናቱ ተጠመጠመችበት። እሱ እጁን አላነሣም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ያልሽው ልታድኚኝ ነው?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ።»

«ገድሎታል ብለሽ አምነሽ ነበራ።»

ቀስ ብሎ እጇን ከአንገቱ አወረደና ወጣ።

«ክፍሉ እኮ ተለቀቀ» አለችው ከኋላው።

አልዞረም።