ከማማው የሚታየው ሰው

ጥሩወርቅ ይማም ዘወትር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የወደቡን ማማ ደረጃ ትወጣና የላይኛውን ክፍል መስኮቶች ትከፍታለች፤ ከዚያም ሌሊቱን ከባሕር የመጣውን ጨዋማ እርጥበት ከትልቁ አቅርቦ ማያ መነጽር ላይ በጨርቅ ትወለውላለች። ሥራዋ ወደ ማማው ለሚወጣ ጎብኚ ከተማዋን ማሳየት ነው። ስድስት ዓመት ስለሠራችበት የምትናገረውን በቃሏ ይዛዋለች።

«በስተግራ ነጭ ኮረብታ የሚመስለው የጨው ክምር ነው። ከሱ አለፍ ብሎ የመስጊዱ ሚናራ አለ። ወደ ቀኝ ሲዞሩ፣ ባሕሩ ውስጥ ጎኗን አሸዋ ላይ ጥላ የቀረችው የዛገች መርከብ። ከሷ ወዲያ ለመርከቦች መብራት የሚበራበት ደሴት።»

ጎብኚው ዓይኑን መነጽሩ ላይ ሲያሳርፍ እሷ ብረቱን ይዛ ቀስ አድርጋ ታዞርለታለች። ከታች የናፍጣ፣ የዓሣና በፀሐይ የቀለጠ ሬንጅ ሽታ ይመጣል። ነፋሱ በማማው ብረቶች መሀል ሲያልፍ ሰው አፉን ገጥሞ እንደሚያንጎራጉር ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ጥሩወርቅ ግን ከለመደችው ቆይታለች።

አንድ እሑድ የጨው ሠራተኛው ገደፋው ታናሽ ወንድሙን አደመን ይዞ መጣ። አደመ ከአገር ቤት ከገባ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ጫማው ላይ የመንገዱ አቧራ አልለቀቀም።

«የምሠራበትን ቦታ ላሳየው ብዬ ነው» አለ ገደፋው እየሳቀ፤ ቀድሞ ራሱ ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ። ሳቁ ወዲያው ጠፋ። ወንድሙ ተራውን እየጠበቀ ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው ሲቀያይር እሱ ግን ከመነጽሩ አልተላቀቀም።

«ጨው ላይ የቆመው ሰውዬ ማን ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ዛሬ እሑድ አይደል፤ ማንም የለም» አለች ጥሩወርቅ።

«አለ እንጂ። እጁን እያውለበለበልኝ ነው።»

እሷም ጎንበስ ብላ አየች። ነጭ ጨው፣ ከላዩ ውኃ መስሎ የሚንቀጠቀጥ ሙቀት፣ ሌላ ምንም የለም። አደመ ወንድሙን «ፀሐይ መትቶሃል» ብሎ ቀለደበት። ገደፋው ዓይኑን በእጁ ጀርባ እያሸ ደረጃውን ወረደ።

በማግስቱ ጎብኚ አልነበረም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ጥሩወርቅ ሥራ ፈትታ መነጽሩን ስታዞር ሁለቱን ወንድማማቾች ጨው ክምሩ ላይ አየቻቸው። አደመ ጆንያ ይዟል፤ ገደፋው በአካፋ ይሞላለታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሞላ። በአራተኛው አካፋውን ከፍ አድርጎ የወንድሙ ፊት ላይ አሳረፈው። አደመ ተንበርክኮ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ አካፋው እጁ ላይ ወረደ፤ ቀጥሎ ማጅራቱ ላይ፤ ደግሞ እዚያው ላይ። ይህ ሁሉ ሲሆን ወደ ማማው አንዲት ድምፅ አልደረሰችም። ነፋሱ ብቻ ያንጎራጉራል። ከጨው ክምሩ ሥር ያለው ነጭ መሬት ሲቀላ፣ ገደፋው አካፋውን ተክሎ ቀና አለና ፊቱን ወደ ማማው አዙሮ፣ ክንዱን አንሥቶ ቀስ ብሎ አውለበለበ።

ፖሊስ ሲይዘው አልታገለም ተባለ። ከተማው ነገሩን የርስት ጠብ አደረገው። የማማው ዘበኛ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ጠረፍ የኖሩት አፋሩ ጋሽ ያዮ፣ በሌላ ነገር አመካኙ።

«ሙቀቱ ነው ልጄ፤ በዚህ ወር ሰው ያሳብዳል።»

ጥሩወርቅ ልታምናቸው ፈለገች፤ ሐሙስ ድረስም አመነቻቸው።

ሐሙስ ዕለት ከተጋቡ ሦስት ሳምንት የሆናቸው ተኽለና ለተብርሃን መጡ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ስለነበር ጠባቡን ደረጃ በጎን ነበር የወጡት። ለተብርሃን የዛገችውን መርከብ ማየት ፈለገች። ጥቂት እንዳየች ከከንፈሯ ፈገግታው ሳይጠፋ ጠየቀች።

«እትዬ፣ መርከቧ ላይ ያለው ሰው ምን ይሠራል?»

ጥሩወርቅ መነጽሩን ድንገት ስትመልሰው የልጅቷን ቅንድብ ነካት።

«ምን አደረገ ሰውዬው?»

«እጁን አነሣልኝ።»

«የአጎቴ ጀልባ አለ፤ ነገ ወስጄ ከቅርብ አሳይሻለሁ» አላት ተኽለ።

«አትሂዱ» አለች ጥሩወርቅ። ሁለቱም ዞረው አዩዋት። «ነገ… ባሕሩ ጥሩ አይሆንም።»

በትሕትና ራሳቸውን ነቅንቀው ወረዱ። በመስኮቱ ስታያቸው ለተብርሃን እየደጋገመች ወደ መርከቧ ትዞር ነበር።

ማታ እራት ላይ ነገሩን ሁሉ ለባሏ ነገረችው። ይርዳው የወደቡ ክሬን ኦፕሬተር ነው፤ ከኮምቦልቻ አብረው ወርደው አሥር ዓመት ሲኖሩ አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም። አላሾፈባትም።

«ጠዋት ለፖሊስ ንገሪ» አላት። «ባይሰሙሽ እንኳ ልብሽ ያርፋል።»

ዓርብ ጠዋት ማማውን ለጋሽ ያዮ አደራ ብላ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ተረኛው አሥር አለቃ ብዙ አስጠብቆ ከሰማት በኋላ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ ምን ብዬ ልመዝግበው? አንዲት ሴት በመነጽር ሰው አየች ልበል?»

«ጀልባዋን ብቻ አስቁሙልኝ።»

«በምን ወንጀል?»

ስትመለስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ መነጽሩን ወደ ቀኝ አዞረችው። ጀልባዋ ከዛገችው መርከብ ጋር ታስራለች። ተኽለ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ያጠብቃል። ለተብርሃን ከኋላው ቆማ ትንሿን የጀልባ መልህቅ በሁለት እጇ አንሥታለች።

ጥሩወርቅ በመስኮቱ ጮኸች። ከታች ጭነት የሚያወርዱ ወዛደሮች ቀና ብለው አይተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እሷ ወደ መነጽሩ ስትመለስ መልህቁ ወርዶ ነበር። ተኽለ ወገቡ ድረስ ከጀልባዋ ተንጠልጥሎ እግሮቹ ይራገጣሉ፤ ሙሽራይቱ ጉልበቷን ጀርባው ላይ ተክላ ራሱን በሁለት እጇ ውኃው ውስጥ ይዛዋለች። ጣውላውን ሲደበድብ የነበረው ጫማው እየቆየ ይመታ ጀመር፤ በመጨረሻም ተወው። ልጅቷ የረጠበ ፀጉሯን ከፊቷ ላይ ገፋች፤ ቆመችና ወደ ማማው እጇን አነሣች። ጀልባዋ ላይ የቆመችው እሷ ብቻ ነበረች። በመርከቧ የዛገ ጎን ላይ ያረፉት ጥላዎች ግን ሁለት ናቸው፤ የሁለቱም ክንድ ተነሥቷል።

ጥሩወርቅ የበሩን የብረት መወርወሪያ ነቅላ መነጽሩን ደበደበችው። መስተዋቱ ከተሰበረ በኋላም፣ ቱቦው ከተጣመመ በኋላም፣ ክንዷ እስኪዝል መታችው። ጋሽ ያዮ እያለከለኩ ሲደርሱ ስብርባሪው ላይ ተቀምጣ መዳፏ ይደማል።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ከእንግዲህ ማንም አያይበትም» አለቻቸው።

ከሽርጣቸው ጫፍ ቀደው እጇን አሰሩላትና ወደ ቤቷ ሸኟት። መንገዱን እያለቀሰች ሄደች፤ ሰፈሯ ስትደርስ ግን በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት። ለእነዚያ ሁለቱ አልደረሰችላቸውም። ለሚቀጥለው ግን ደርሳለች።

ይርዳው ቤት ነበር። በዚህ ሰዓት ለምን ከሥራ እንደወጣ አልጠየቀችውም። ሳፋ አምጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ጨርቁን ፈትቶ የመስተዋቱን ስባሪ አንድ በአንድ ለቀመላት። እሷ ያየችውን ስትነግረው፣ እንዴት እንደሰባበረችው ስትነግረው፣ አዳመጠ።

«ደግ አደረግሽ» አላት። ውኃው ቀልቷል። ተነሥቶ በሩን ዘጋና ቆለፈው፤ ተመልሶ ያንኑ እጇን ያዘ።

«አመመኝ፣ ቀስ በል» አለች።

አላላላትም። ዓይኑን በሌላው እጁ ጀርባ አሸት አሸት አደረገ።

«ጠዋት ከፖሊስ የተመለስሽ መስሎኝ ምሳሽን ላደርስልሽ ማማው ላይ ወጥቼ አጣሁሽ» አላት በዚያው በለዘበ ድምፁ፤ «ጥሩዬ፣ ከላይ ሆኜ በመነጽሩ ቤታችንን ሳይ በራፋችን ላይ ቆሞ እጁን የሚያውለበልብልኝ የነበረው ሰው ማን ነው?»